የሜልበርን የዱር ዳክዬዎች በመራቢያ ወቅት ምን ይመገባሉ?

ክረምቱ አልፎ የሜልበርን ጸደይ ሲጠባ፤ በያራና በማሪቢርኖንግ ወንዞች ዳርቻ፣ በአልበርት ፓርክ ሐይቅና በየሠፈሩ ኩሬዎች እናት ዳክዬዎች ጫጩቶቻቸውን አስከትለው ይታያሉ። ትዕይንቱ ሕፃናትን ይማርካል። በርካታ ቤተሰቦችም ቁራሽ ዳቦ ይዘው ወደ ውሃው ዳር ይወርዳሉ። ይሁንና በዚህ ወቅት እናቲቱም ሆነች ጫጩቶቿ የሚሹት ምግብ ከዳቦ እጅጉን የራቀ ነው። የአንድ ጎጆ ጫጩቶች ለመብረር መብቃታቸው ወይም አለመብቃታቸው፤ በአመዛኙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውሃው ውስጥ በሚያገኙት ምግብ ይወሰናል።

አንኳሮች

- በቀሪው የዓመቱ ክፍል በዘርና በሣር የሚኖሩ ዳክዬዎች በመራቢያ ወቅት ወደ ነፍሳት፣ ቀንድ አውጣና የውሃ ትላትል ያዘነብላሉ።
- ጫጩቶች ከጎጆ እንደወጡ ራሳቸውን ይመግባሉ፤ የመጀመሪያ ምግባቸው በአብዛኛው የነፍሳት እጭ ነው።
- ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ ለላባ፣ ለአጥንትና ለጡንቻ ዕድገት የሚበጅ ንጥረ ምግብ አይሰጥም፤ ውሃንም ይበክላል።

መራቢያቸው ለምን ጸደይ ሆነ?

በደቡባዊ አውስትራሊያ የአብዛኞቹ ዳክዬዎች የመራቢያ ወቅት ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በሜልበርን ጫጩቶች በብዛት የሚታዩት ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር፤ ማለትም ኢትዮጵያውያን ዕንቁጣጣሽንና መስቀልን ከሚያከብሩበት ጊዜ አንስቶ ነው። ዳክዬዎቹ የቀን መቁጠሪያ አይከተሉም፤ የሚከተሉት ምግብን ነው። የክረምቱ ዝናብ ረግረጋማ ሥፍራዎችን ይሞላል፤ የጸደይ ሙቀት ውሃውን ያሞቃል፤ በጭቃው ውስጥ የተኙ እንቁላሎችና እጮች ነፍስ ይዘራሉ። ጫጩቶቹ ከቅርፊታቸው የሚወጡት ይህ ሁሉ ማዕድ በሚዘረጋበት ሰዓት ነው።

የአካባቢው ነባር ባለቤቶች የዉሩንጀሪ ዎይ ዉሩንግ ሕዝቦች ይህንን ሂደት ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። የያራን ወንዝ 'ቢራሩንግ' ብለው የሚጠሩት እኒህ ሕዝቦች፤ ዓመቱን የሚከፍሉት በአራት ወቅቶች ሳይሆን በተፈጥሮ ምልክቶች በሚታወቁ ሰባት ወቅቶች ነው። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር 'ፑርኒት' ይባላሉ፤ ገና ጭራ ያላቸው የእንቁራሪት ግልገሎች በውሃ ውስጥ የሚርመሰመሱበት ወቅት ነው። ኖቬምበር ደግሞ 'ቡአት ጉሩ'፤ ሣር የሚያብብበት ወቅት ነው። ሁለቱን ስያሜዎች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው የዳክዬዎቹ የምግብ ዝርዝር ግልጽ ይሆንለታል። መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሕይወት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሣሩና የቄጠማው ዘር ይከተላል።

ከእንቁላል በፊት፦ የእናቲቱ ማዕድ

በሜልበርን ኩሬዎች በስፋት የሚታየው ፓስፊክ ጥቁር ዳክዬ በአብዛኛው ዕፅዋት ተመጋቢ ነው። የውሃ ውስጥ ተክሎችን ዘር፣ ቅጠልና ሥር ይበላል። በዚያ ላይ ጥቂት የውሃ ነፍሳትን፣ ቀንድ አውጣዎችንና ጥቃቅን ቅርፊት ለበስ እንስሳትን ይጨምራል። የመራቢያ ወቅት ሲቃረብ ግን የእንስቷ አመጋገብ ይለወጣል።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። አንዲት ፓስፊክ ጥቁር ዳክዬ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 እንቁላሎች ትጥላለች፤ በቀን የምትጥለው ደግሞ አንድ እንቁላል ያህል ነው። የእንቁላሎቹ ክብደት ተደምሮ ከእናቲቱ የሰውነት ክብደት ወደ ግማሽ ይጠጋል። በአንድ ሳምንት ተኩል ውስጥ ይህን ያህል አካል ከራሷ አውጥታ ለልጆቿ ትሰጣለች ማለት ነው።

እንቁላል ሦስት ነገሮችን ይሻል። ለአስኳሉ ስብ፣ ለነጩና ለጽንሱ ፕሮቲን፣ ለቅርፊቱ ደግሞ ካልሲየም። ስቡን እንስቷ በክረምት ወራት ከዘርና ከሣር አጠራቅማ በሰውነቷ ልትይዝ ትችላለች። ፕሮቲኑን ግን እንደ ስብ ማከማቸት አይቻልም፤ በየዕለቱ ከምትበላው መምጣት አለበት። ዘር በስታርች የበለጸገ ቢሆንም ለእንቁላል አስፈላጊ የሆኑ አንዳንድ አሚኖ አሲዶች ያንሱታል። ነፍሳትና ትላትል እኒህን ሁሉ አሟልተው ይይዛሉ። የውሃ ነፍሳት አካል ውሃው ተወግዶ ቢመዘን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። ቀንድ አውጣዎችና ጥቃቅን ዛጎሎች ደግሞ ካልሲየሙን ይዘው ይመጣሉ፤ የእንቁላል ቅርፊት ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነውና።

ይህ ለውጥ በአውስትራሊያ ዳክዬዎች ብቻ የሚታይ አይደለም። በ1970ዎቹ በሰሜን አሜሪካ፣ በሰሜን ዳኮታ ክፍለ ግዛት ረግረጋማ ሥፍራዎች ፒንቴይል በተሰኙት ዳክዬዎች ላይ የተካሄደ ጥናት፤ እንስቶቹ እንቁላል በሚጥሉበት ጊዜ አብዛኛው ምግባቸው አከርካሪ አልባ ፍጥረታት እንደሚሆን፣ እንቁላል ጥለው ሲጨርሱ ግን ወደ ዘር እንደሚመለሱ አሳይቷል። በሌሎች በርካታ ዝርያዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሰዋል።

በዚህ ወቅት ኩሬ ዳር ቆሞ ለሚያስተውል ሰው ለውጡ በዓይን ይታያል። ጥቁር ዳክዬዋ ጭራዋን ወደ ሰማይ፣ አንገቷን ወደ ታች አድርጋ ለረዥም ጊዜ ጭቃውን ታበጥራለች። የምንቃሯ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስስ ክፍልፋዮች አሉት። ውሃውንና ጭቃውን በጎን አስወጥታ ዘሩንና ትሉን የምታስቀረው በእነሱ ነው። ያጋበሰችው ምግብ የሚፈጨው በጡንቻማው ሁለተኛ ሆዷ ውስጥ ነው፤ ጥርስ የሌላት በመሆኗ አሸዋና ጠጠር ትውጣለች፤ ጠጠሩም እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሆኖ ያገለግላል።

በዕቅፍ ጊዜ፦ የእጦት ሳምንታት

እንቁላሎቹ ተጥለው ካበቁ በኋላ መታቀፉ አራት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ጥቁር ዳክዬዋ በዛፍ ሽንቁር፣ በረዥም ሣር መካከል ወይም ሌሎች ወፎች ትተውት በሄዱት ጎጆ ውስጥ ልትታቀፍ ትችላለች። በዚህ ጊዜ ከጎጆዋ የምትወጣው በቀን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ስትወጣም ከራሷ ደረት በነቀለችው ለስላሳ ላባ እንቁላሎቹን ሸፍና ነው።

በአጭሩ የዕረፍት ጊዜዋ የምትበላው ለቀን ፍጆታዋ አይበቃም። የጎደለውን ከሰውነቷ ስብ ታሟላለች፤ ክብደቷም እየቀነሰ ይሄዳል። የምግቡ ቅርበት ወሳኝ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ መመገቢያ ከጎጆው አጠገብ ካለ እንስቷ ፈጥና ትመለሳለች፤ ከራቀ ግን እንቁላሎቹ ለብርድ፣ ለቁራና ለቀበሮ የሚጋለጡበት ሰዓት ይረዝማል። ውሻ ወይም ሰው ደጋግሞ ካባረራት ደግሞ ጎጆውን ጨርሶ ልትተወው ትችላለች።

ጫጩቶች፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

የዳክዬ ጫጩት እንደ ርግብ ልጅ አፉን ከፍቶ ምግብ አይጠብቅም። ከተፈለፈለ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እናቱን ተከትሎ ወደ ውሃ ይወርዳል። እስከዚያው የሚያቆየው በሆዱ ውስጥ የቀረው የአስኳል ስንቅ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ምግቡን መፈለግ ያለበት ራሱ ነው። የእናቲቱ ድርሻ ወደ መልካም መመገቢያ መምራት፣ ከጠላት መጠበቅና በብርድ ጊዜ በክንፏ ሥር ማሞቅ ነው።

ጫጩቱ በዚህ ዕድሜው ቄጠማ ለመንቀል ጉልበት፣ ጠንካራ ዘር ለመፍጨትም የበረታ ሆድ የለውም። የሚችለው ከውሃው ገጽ ላይ መልቀም ነው። ከእጭነት ወጥተው ክንፍ በማብቀል ላይ ያሉ ትንኞችን፣ በተክል ቅጠል ላይ ያረፉ ጥንዚዛዎችን፣ ሸረሪቶችንና የውሃ ቁንጫ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታትን እያሳደደ ይለቅማል። ከሁሉም በላይ ዋነኛው ምግብ ቺሮኖሚድ የሚባሉት የማይናከሱ ትንኞች እጭ ነው። አንዳንዶቹ እጮች ደም የመሰለ ቀይ ቀለም አላቸው፤ በቂ ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥም በብዛት ይራባሉ። የሜልበርን ነዋሪ በሞቃት ምሽት ከፊቱ የሚያባርራቸው የትንኝ መንጋዎች፤ ለዳክዬ ጫጩት የዕለት እንጀራ ናቸው።

ዕድገቱ ፈጣን ነው። ጥቁር ዳክዬ ከእፍኝ የማይሞላ ጫጩትነት ተነስቶ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ለመብረር ይበቃል። ይህ የሚሆነው ግን ፕሮቲኑ ከተገኘ ነው። ምግብ ያጠረው ጫጩት በዝግታ ያድጋል፤ በዝግታ ያደገ ደግሞ ለረዥም ጊዜ መብረር የማይችል ሆኖ ይቆያል። በየቀኑ ቁራ ከላይ፣ ቀበሮና ድመት ከዳር ያደቡበታል። ምግብ ፍለጋ ርቆ በሄደ ቁጥርም ከእናቱ ይነጠላል፤ ብርድ ይመታዋል። በመሆኑም ጠላት በላው የተባለው ጫጩት፤ አስቀድሞ ረሃብ ያደከመው ሊሆን ይችላል።

ሳምንታት ባለፉ ቁጥር የምግቡ ዓይነት ወደ ወላጆቹ ይቀርባል። ከሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ቅጠልና ለስላሳ ዘር እየበዛ፣ ነፍሳቱ እያነሱ ይሄዳሉ።

ዝርያ በዝርያ

የሜልበርን ዳክዬዎች አንድ ኩሬ ቢጋሩም አንድ ማዕድ አይጋሩም።

*ዉድ ዳክ፦* በስፖርት ሜዳዎችና በመናፈሻዎች ሣር ላይ በመንጋ የሚታየው፤ ራሱ ቡናማ፣ ገላው ግራጫ የሆነው ዳክዬ ነው። ከውሃ ይልቅ በምድር መጋጥን ይመርጣል። ሣር፣ ማገጥና ሌሎች ለስላሳ ዕፅዋት ዋና ምግቡ ሲሆኑ፤ ነፍሳትን አልፎ አልፎ ይበላል። ጎጆውን የሚሠራው በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። ጫጩቶቹ ከከፍታው ወደ መሬት ዘልለው፣ ሁለቱ ወላጆች በሚሰጧቸው ጥበቃ ወደ ውሃና ወደ ለምለም ሣር ይጓዛሉ። በጸደይ ወራት የሜልበርን አሽከርካሪዎች መንገድ ለሚያቋርጡ ዳክዬዎች የሚቆሙት ብዙውን ጊዜ በዚህ ጉዞ ሳቢያ ነው። ጫጩቶቹ ገና በጨቅላነታቸው ከሣሩ መካከል ነፍሳትን ይለቅማሉ፤ ሲያድጉ ሣር ጋጭ ይሆናሉ።

*ቼስትነት ቲል፦* ተባዕቱ በአረንጓዴ ራሱና በደረቱ ቀይ ቡናማ ቀለም ይለያል። ከወንዝ አፎችና ከባሕር ዳርቻ ረግረጎች አይርቅም፤ ጨዋማ ውሃንም ይችላል። ከዘርና ከነፍሳት በተጨማሪ በባሕሩ ዳር ትናንሽ ዛጎሎችንና ቅርፊት ለበስ እንስሳትን ይበላል። ለመጠጥ ግን ጨው አልባ ውሃ ያስፈልገዋል። ከጥቁር ዳክዬ በተለየ አባትየው ከእናቲቱ ጎን ሆኖ ጫጩቶቹን ይጠብቃል።

*ፒንክ-ኢርድ ዳክ፦* ጎኑ እንደ ሜዳ አህያ የተዥጎረጎረ፣ ምንቃሩ ሰፊና ጫፉ ጎን ለጎን የተንጠለጠለ ትንሽ ዳክዬ ነው። ምንቃሩ ረቂቅ ወንፊት ነው ማለት ይቻላል። ሞቅ ያለና ጥልቀት የሌለውን ውሃ እያጣራ የትንኝ እጮችን፣ አልጌንና በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ ቅርፊት ለበስ ፍጥረታትን ያስቀራል። አንዳንዴ ጥንዶች አንዱ በሌላው ጭራ አቅጣጫ ክብ ሠርተው እየዞሩ ውሃውን ሲያማስሉ ይታያሉ።

*ብሉ-ቢልድ ዳክና ሃርድሄድ፦* ሁለቱም ጠላቂዎች ናቸው። ብሉ-ቢልድ ዳክ ከጥልቅ ውሃ ሥር የተክሎችን ዘርና እንቡጥ እንዲሁም የትንኝ እጮችን ያወጣል። ሃርድሄድ በተክሉ ላይ የንጹህ ውሃ ዛጎሎችን ይጨምራል።

*መስክ ዳክ፦* ከሁሉም የተለየ ነው። የተባዕቱ አገጭ ሥር ትልቅ የቆዳ እጥፋት ተንጠልጥሎ ይታያል። በዋነኛነት ሥጋ በል ነው። የውሃ ነፍሳትን፣ ቀንድ አውጣዎችን፣ ዓሣና እንቁራሪት፤ አልፎ አልፎም የሌሎች ዳክዬዎችን ጫጩቶች ጭምር ይበላል። ምግቡን የሚያገኘው በጥልቀት ጠልቆ በመሆኑ ገና ያልጠነከሩ ጫጩቶቹ ሊከተሉት አይችሉም። ስለዚህም እናቲቱ ከሥር ያወጣችውን በምንቃሯ ታቀብላቸዋለች፤ ይህ በዳክዬዎች ዘንድ እምብዛም የማይታይ ልማድ ነው። የምትጥላቸው እንቁላሎችም ከሌሎች ዳክዬዎች ያነሱ ናቸው።

*ማላርድ፦* አረንጓዴ ራስ ያለው ይህ ዳክዬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ የመጣ እንጂ የአውስትራሊያ ተወላጅ አይደለም። በየፓርኩ ሰዎች የሚጥሉትን ምግብ ለመሻማት የሚቀድመው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ከፓስፊክ ጥቁር ዳክዬ ጋር ስለሚዳቀልም የነባሩን ዝርያ ንጽሕና ለአደጋ ያጋልጣል።

ከፍሳሽ የተገኘ ማዕድ

በሜልበርን ዙሪያ ለውሃ ወፎች እጅግ ጠቃሚ ከሆኑት ሥፍራዎች አንዱ የተፈጥሮ ሐይቅ ሳይሆን የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። በዌሪቢ የሚገኘውና በሜልበርን ዎተር የሚተዳደረው የምዕራብ ማጣሪያ ጣቢያ 10,500 ሄክታር ያህል ስፋት አለው፤ ከከተማዋ ፍሳሽ ግማሽ ገደማ የሚሆነውን ያጣራል። አገልግሎቱ የጀመረው በ1890ዎቹ ነው። ጣቢያው ከ1982 ጀምሮ በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጋማ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ በሰፈረው የፖርት ፊሊፕ ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ዳርቻ ይካተታል።

ምሥጢሩ ያለው በምግቡ ላይ ነው። በፍሳሹ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በሰፋፊዎቹ ኩሬዎች ውስጥ አልጌ ያበቅላል፤ አልጌውን የውሃ ቁንጫዎችና የትንኝ እጮች ይመገባሉ፤ እነሱን ደግሞ ፒንክ-ኢርድ ዳክና ሌሎች አጣሪ ዳክዬዎች በሺህዎች ሆነው ያጣራሉ። ኩሬዎቹ በድርቅ ዘመንም አይደርቁም። በዚህም ሳቢያ የአገሪቱ መሐል ሲደርቅ መጠለያ ፈላጊ ዳክዬዎች ወደዚያ ይጎርፋሉ። ሥፍራው ወፍ ለመመልከት ለሚሹ ሰዎች ክፍት ቢሆንም አስቀድሞ ከሜልበርን ዎተር ፈቃድ ማግኘትን ይጠይቃል።

ወደ ከተማው ቀረብ ያሉ ሥፍራዎችም አሉ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከ2001 ጀምሮ በራምሳር መዝገብ የሰፈሩት የኤዲዝቬልና ሲፎርድ ረግረጎች ይገኛሉ። ፍሌሚንግተንና ኬንሲንግተን ለሚኖሩ ቤተሰቦች ቅርብ የሆነው ደግሞ በሮያል ፓርክ ያለው ትሪን ዋረን ታምቡር ነው። የጎርፍ ውሃን በሸምበቆና በቄጠማ ለማጣራት የተሠራ ሰው ሠራሽ ረግረግ ነው። ቄጠማው ቆሻሻውን ሲያጣራ ለነፍሳት መራቢያ፣ ለጫጩቶችም መመገቢያና መሸሸጊያ ይሆናል። ሣሩ እስከ ውሃው ከንፈር ድረስ የታጨደና ዳርቻው በሲሚንቶ የታነጸ ኩሬ ለዓይን ቢያምርም፤ ለጫጩት ግን ባዶ ማዕድ ነው።

ዝናብ ሲጠፋ

የሜልበርን የክረምትና የጸደይ ዝናብ ከአገሪቱ መሐል ጋር ሲነጻጸር የሚታመን ነው። በሙሬይና ዳርሊንግ ተፋሰስ የሚኖሩ እንደ ግሬይ ቲል ያሉ ዳክዬዎች ግን ወቅት አይጠብቁም፤ የሚጠብቁት ጎርፍን ነው። የሲኤስአይአርኦ ተመራማሪ የነበሩት ሃሪ ፍሪዝ በ1950ዎቹ ባካሄዷቸውና በ1967 በታተመው የአውስትራሊያ የውሃ ወፎች መጽሐፋቸው ባካተቷቸው ጥናቶች፤ የእኒህ ዳክዬዎች መራባት ከውሃ ከፍታ መለዋወጥ ጋር የተሳሰረ መሆኑን አመላክተዋል። ለረዥም ጊዜ ደርቆ የቆየ መሬት በጎርፍ ሲጥለቀለቅ በአፈሩ ውስጥ የተጠራቀመው ንጥረ ነገር ይለቀቃል፤ በሳምንታት ውስጥም ውሃው በእጭና በውሃ ቁንጫ ይሞላል። ዳክዬዎቹም ፈጥነው ይራባሉ።

ጎርፉ ሲቀር፣ ወይም ግድብና የመስኖ ቦይ ወንዙን ሲያስቀረው፤ ማዕዱም አብሮ ይቀራል። ከ1983 ጀምሮ በየዓመቱ ከአውሮፕላን የሚካሄደው የምሥራቅ አውስትራሊያ የውሃ ወፎች ቆጠራ የረዥም ጊዜ ማሽቆልቆልን አሳይቷል። በቪክቶሪያ በበልግ ወራት የሚከፈተው የዳክዬ አደን ወቅት ሲወሰን እንዲህ ያሉ ቆጠራዎች ከግምት ይገባሉ። የአደኑ ወቅት ከመራቢያው ወራት ውጭ ቢሆንም፤ ባለፈው ጸደይ ጫጩቶች በበቂ ሁኔታ ካልተመገቡ በበልግ የሚቆጠረው መንጋ ማነሱ አይቀርም።

ዳቦ ለምን አይመከርም?

ዳቦ በአመዛኙ ስታርች ነው። የፕሮቲን ይዘቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ካልሲየሙም ጥቂት ነው። አንድ ጎልማሳ ዳክዬ ጥቂት ቁራሽ ቢበላ አይሞትም። ጉዳቱ የሚከፋው በጫጩቶች ላይ ነው። ትንሿ ሆድ በዳቦ ከሞላች ለነፍሳት የሚተርፍ ቦታ የለም፤ ጫጩቱ ጠግቦ እየዋለ በንጥረ ምግብ ይራባል። በማደግ ላይ ያሉ የውሃ ወፎች ኃይል ሰጪ ምግብ ሲበዛባቸው የክንፋቸው መጋጠሚያ ወደ ውጭ የሚጣመምበት እክልም ይታወቃል። እንዲህ ያለ ክንፍ ያለው ወፍ መብረር አይችልም።

ሁለተኛው ጉዳት በውሃው ላይ ነው። ያልተበላው ዳቦ ይበሰብሳል፤ በአንድ ሥፍራ የተሰበሰቡት ወፎች ኩስም ይጨመርበታል። በዚህም አልጌ ይስፋፋል፤ ኦክስጅን ይቀንሳል። በሞቃት ወራት በእንዲህ ያለ ውሃ ቦቱሊዝም የተሰኘው መመረዝ ሊከሰት ይችላል። የታመመው ዳክዬ መጀመሪያ እግሮቹ፣ ቀጥሎም ክንፎቹና አንገቱ ይዝላሉ፤ በመጨረሻም ራሱን ከውሃው በላይ መያዝ ተስኖት ሊሰምጥ ይችላል።

ሦስተኛው ጉዳት መሰባሰቡ ራሱ ነው። ምግብ የሚጣልበት ዳርቻ ማላርዶችን፣ ቁራዎችንና አይጦችን ይጠራል። ይህም እናት ዳክዬ ጫጩቶቿን ልታርቅ የሚገባትን ሥፍራ ልጆቿን ይዛ የምትመጣበት ያደርገዋል። በዚህ ሳቢያ ፓርክስ ቪክቶሪያ የዱር እንስሳትን አለመመገብን ይመክራል። ምክሩ ዳቦን በእህል መተካትን አይጨምርም፤ በዚህ ወቅት ጫጩቶች የሚሹትን ማዕድ ውሃው ራሱ ያቀርባልና።

ከኢትዮጵያ ጋር ሲነጻጸር

በኢትዮጵያ ደጋማ ረግረጎችና ሐይቆች የሚራባው ቢጫ ምንቃር ያለው ዳክዬ የፓስፊክ ጥቁር ዳክዬ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አመጋገቡም ይመሳሰላል። በኢትዮጵያ ደጋማ ሥፍራዎች ብቻ የሚገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ደግሞ በአኗኗሩ የሜልበርኑን ዉድ ዳክ ያስታውሳል። ሣርና ቄጠማ ይግጣል፤ በዚያ ላይ ትልና ነፍሳትን ይለቅማል። በአንጻሩ በጣናና በዝዋይ ሐይቆች በበጋ ወራት በመንጋ የሚታዩት ፒንቴይልና ሾቭለር እንግዶች ናቸው። የሚራቡት በአውሮፓና በእስያ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡት ብርዱን ሽሽት ነው። ሆኖም ወደ መራቢያቸው የሚመለሱበትን ስንቅ የሚሰንቁት ከኢትዮጵያ ሐይቆች ነው። አንድ ረግረግ ሲታረስ ወይም ሲደርቅ የሚጎድለው ማዕድ፤ በሌላ አህጉር ለሚጣል እንቁላል የታሰበ ሊሆን ይችላል።

ነዋሪዎች ምን ማድረግ ይችላሉ?

- *መመልከት እንጂ አለመመገብ፦* ሕፃናት ዳክዬዎቹን ከርቀት እያዩ የሚበሉትን እንዲለዩ ማድረግ ይቻላል። ጭራዋን ያነሳችው ጭቃ እያበጠረች ነው፤ ሜዳ ላይ ያለው ሣር እየጋጠ ነው፤ በውሃው ገጽ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሮጠው ጫጩት ትንኝ እያሳደደ ነው።
- *ውሻን ማሰር፦* ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በውሃ ዳርቻ የተለቀቀ ውሻ እናቲቱን ከእንቁላሎቿ፣ ጫጩቶቹንም ከመመገቢያቸው ያባርራል።
- *ድመትን ማታ ቤት ማቆየት፦* በተለይም ኩሬ ወይም ወንዝ አጠገብ ለሚኖሩ።
- *ፀረ ነፍሳትን በቁጠባ መጠቀም፦* በጓሮ የተረጨ መድኃኒት ከዝናብ ጋር በጎርፍ ቦይ አድርጎ ወደ ወንዝ ይገባል፤ የጫጩቶቹን ምግብም ይገድላል።
- *ሽንቁር ያላቸውን ያረጁ ዛፎች መጠበቅ፦* ለዳክዬ የሚበቃ ሽንቁር በባሕር ዛፍ ላይ እስኪፈጠር መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል።
- *ጫጩቶችን ቸኩሎ አለማንሳት፦* ብቻቸውን የሚመስሉ ጫጩቶች እናት ብዙ ጊዜ በአቅራቢያቸው ናት። በቪክቶሪያ የዱር እንስሳት በ1975ቱ የዱር እንስሳት ሕግ የተጠበቁ በመሆናቸው ወስዶ በቤት ማሳደግ አይፈቀድም።

የተጎዳ ወይም በርግጥም እናቱን ያጣ ጫጩት ያገኘ ሰው የዋይልድላይፍ ቪክቶሪያን የአስቸኳይ ጊዜ መሥመር በ03 8400 7300 ማነጋገር ይችላል። በርካታ የታመሙ ወይም የሞቱ ወፎች በአንድ ሥፍራ ከታዩ ደግሞ ሳይነኩ፣ ለእንስሳት በሽታዎች አስቸኳይ ጊዜ ጥሪ መሥመር በ1800 675 888 ማሳወቅ ይገባል።